ኦቲስ ይበቃል እስኪለኝ

ጡረታ ወጣሁ ስል የማይስቅ ሰው አጣሁ። ባለፈው ሲያትል ውስጥ ስካይዌይ በሚባለው ሰፈራችን እናቴ ሱቅ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ጋሽ ወልዴ ወተት ሊገዙ ገቡና ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ጋሽ ወልዴ የኤርፖርት ታክሲ የሚነዱ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው።

«ጡረታ ወጣህ አሉኝ፤ እውነት ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ስንት ዓመትህ ነው?»

«ሠላሳ ሦስት።»

«እኔ ስልሳ ስምንቴን ይዤ ገና ኤርፖርት ወረፋ እጠብቃለሁ» አሉ። «ሶ፣ ከእንግዲህ ጋሼ የምልህ እኔ ነኛ።»

እናቴ ከካውንተሩ ኋላ ሆና ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ወተቱን መኪናቸው ድረስ ላደርስላቸው ስነሳ ጉልበቴ ቋ ሲል ሁለቱም ሰሙት። ጋሽ ወልዴ ወተቱን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው ይዘውት ወጡ።

ሥራዬን ለማያውቀው ሰው ማስረዳት ራሱ ይደክመኛል። ፉትቦል ስል አክስቶቼ አሁንም በእግር የሚመታው ኳስ ነው የሚመስላቸው። እኔ የአሜሪካኑ ፉትቦል ተጫዋች ነበርኩ፤ ቦታዬ ደግሞ ዋይድ ሪሲቨር ይባላል። ከግርግሩ ራቅ ብለህ ሜዳው ዳር አካባቢ ትቆማለህ። ኳሱ ሲነሳ አስቀድሞ የተነገረህን መንገድ ትሮጣለህ፣ የተባልክበት ቦታ ላይ ትታጠፋለህ፣ ዞር ስትል ኳሱ አየር ላይ ነው። ኳርተርባኩ፣ ማለትም ወርዋሪው፣ አንተ ገና ሳትታጠፍ ለቆታል፤ እዚያ ትደርሳለህ ብሎ አምኖህ ነው። ትይዘዋለህ። በያዝክባት ቅጽበት ደግሞ በሙሉ ጉልበቱ ሊጥልህ የሚመጣ ሰው አለ። ሥራው ይኼው ነው፤ ከጀመርኩት ሃያ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው አቆምኩት።

ቡታጅራ ተወልጄ በዘጠኝ ዓመቴ ነው ሲያትል የመጣሁት። ነስሩ ነው ስሜ፤ ሜዳ ላይ ናስ ይሉኛል። ትምህርት ቤት እንደ ሐበሻ ልጅ ሁሉ የእግር ኳስ ቡድን ውስጥ ነበርኩ፣ ያውም በረኛ። የፉትቦሉ አሰልጣኝ አንድ ቀን አጥሩን ተደግፎ ሲያየኝ ቆየና «የሚሮጥ ልጅማ ሞልቷል፤ የጠፋው ኳስ የማይፈራ እጅ ነው» ብሎ ወሰደኝ። ከዚያ ከተራራው ማዶ፣ ብርዱ ደረቅ የሆነበት የግዛቱ ምሥራቅ፣ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ተቀበለኝ። እዚያም እጄ ነው ያስመረጠኝ እንጂ ፍጥነቴ እንኳ ይህን ያህል አልነበረም።

ከኮሌጅ በኋላ ሁለት ትልልቅ ቡድኖች ዘንድ ሠርቻለሁ፤ ሠርቻለሁ ነው የምለው እንጂ ተጫውቻለሁ አልልም። የልምምድ ቡድን የሚባል ነገር አለ። ሳምንቱን ሙሉ ከእነሱ ጋር ትሮጣለህ፣ ትመታለህ፣ እሁድ ሲደርስ የራስህን ልብስ ለብሰህ ዳር ቆመህ ታያለህ። ዋናው ሥራህ የሚቀጥለውን ሳምንት ተጋጣሚ መምሰል ነው። የእነሱ ሪሲቨር ግራ ትከሻውን ጣል አድርጎ የሚነሳ ከሆነ አንተም ጣል አድርገህ ትነሳለህ። ሁለት ዓመት የሌላ ሰው አሯሯጥ ስሮጥ ከርሜ የራሴ እንዴት እንደነበር ሊጠፋኝ ደርሶ ነበር።

የመጀመሪያው ቡድን ሐይቅ ዳር ያለ፣ ንፋሱ ጆሮ የሚቆርጥ ከተማ ነበር፤ አለቃችን ሰውን በማልያ ቁጥሩ እንጂ በስሙ አይጠራም። ሁለተኛው ሞቃት አገር ነው፤ አለቃው ጨዋ ሰው ነበር፣ ግን ጨዋነቱ ከመባረር አላዳነኝም። የሚያባርሩህ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ልብስ መቀየሪያው በር ላይ ይመጣና «አሰልጣኙ ይፈልግሃል፤ ታብሌትህን ይዘህ ና» ይልሃል። ታብሌቱ ውስጥ የጨዋታው ዕቅድ ስላለ መመለስ አለበት። ደመወዙ እናቴ ሱቋን እንድታሰፋ በቃ፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ሲያትል ተመለስኩ። ቀን ቀን ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ለኩላሊት እጥበት ዲያሊሲስ የሚያመላልስ ቫን መንዳት ጀመርኩ፤ ማታ ማታ ከከተማው ሰሜን፣ ከኖርዝጌት ወደ ላይ በኪራይ የትምህርት ቤት ሜዳ የሚለማመድ ትንሽ ቡድን ውስጥ ገባሁ። ከየትልልቁ ቡድን የተባረረና መጀመሪያውኑ ማንም ያልፈለገው ሰው የተሰበሰበበት ሊግ ነው። የሚከፈለን ለቤንዚን ይሆናል። ለእኔ ግን ቁም ነገሩ ሌላ ነበር፤ እሁድ ሲመጣ እጫወታለሁ።

ኦቲስን ያገኘሁት እዚያ ነው። እዚሁ ደቡብ ሲያትል ተወልዶ ያደገ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል፣ የእኔኑ ቦታ ይጫወታል፣ ቀን ቀን ቤት ቀለም ይቀባል። ጥፍሩ ሥር ሁልጊዜ ነጭ ቀለም አይጠፋም። በመጀመሪያው ሳምንት እንዲሁ ሳላስበው ጋሼ ብዬ ጠራሁት። ምን ማለት ነው ሲለኝ ታላቅ ወንድም እንደማለት ነው አልኩት። ደስ ሳይለው አልቀረም።

ኦቲስ ከጨዋታ በፊት ጫማውን አውልቆ በካልሲ ሜዳውን ይዞራል። መጀመሪያ ሳየው ሰውየው ነካ ያደርገዋል ብዬ ነበር። ለካ ውሃ የቋጠረውን ቦታ በእግሩ እየፈለገ ነው። ሰው ሠራሽ ሣር ከላይ ሲያዩት አንድ ዓይነት ነው፤ ስትረግጠው ግን የሚያሰምጥም የሚያንሸራትትም አለው። «የምትታጠፍበትን መሬት ሳትተዋወቀው አትታጠፍ» ይለኛል። ዞሮ ሲጨርስ ካልሲውን ይጨምቅና ሌላ ደረቅ ያደርጋል። እኔም ተከትዬው በካልሲ መዞር ጀመርኩ፤ ሁለታችንም ጉንፋን አይለቀንም ነበር።

ኳስ አያያዝ እንደ አዲስ ያስተማረኝ እሱ ነው። ከደረት በላይ ለሚመጣ ኳስ አውራ ጣቶችህ ይገናኛሉ፤ ከወገብ በታች ለሚመጣ ትንንሾቹ ጣቶች ይገናኛሉ። ይህን ማንም ያውቀዋል። ችግሩ እምብርትህ ላይ የሚመጣው ኳስ ነው፤ እዚያ እጅ ወደ ላይ ልሁን ወደ ታች እያለ ይደናገራል። «እጅህን ተወውና ቁመትህን ቀይር፤ ወይ ዝቅ በል ወይ ዝለል» አለኝ። ኳሱን ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክሮ ያለ ጓንት ያስይዘኛል፤ እዚህ አገር ደረቅ ኳስ ብቻ የሚይዝ ሰው ከበጋ ውጪ ሥራ የለውም ባይ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሌላ ሰው ያስወረውርልኝና እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይቆማል። በጆሮው ነው የሚያየኝ። ኳስ መዳፍ ላይ ሲያርፍ ጯ ይላል፣ በጣት ሲያዝ ዝም ይላል። እሱ ፊቱን ሳያዞር «መዳፍ… መዳፍ… ጣት… መዳፍ» እያለ ይቆጥራል። ጎበዝ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ጥሩ ጨዋታ በተጫወትኩ ቀን እንኳ መጥቶ የሚነግረኝ የግራ እግሬን ጥፋት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ሊያስተወኝ አልቻለም። ሁለታችን መሃል የመጣ ኳስ ሲኖር እኔ እለቅለታለሁ። በልምምድም፣ በጨዋታም። ላድርግ ብዬ አይደለም፣ እጄ ራሱ ነው የሚሰበሰበው። ቤታችን እንደዚያ ነው ያደግነው፤ የእናቴ አጎት ሐጂ ከማል ወደ ሳህኑ ሲዘረጉ የእኛ የልጆቹ እጅ እዚያ አይገኝም። ሐጂና ጋሽ ወልዴ እናቴ ሱቅ በር ላይ የተገናኙ ቀንማ ጉድ ነው። «ይቅደሙ» «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ በሩን ዘግተውት ከኋላ ዳይፐር የታቀፈች ደንበኛ «ኤክስኪዩዝ ሚ» ብላ በመሃላቸው ታልፋለች። እኔ እዚያ በር ላይ ያደግሁ ሰው ነኝ።

«ናስ፣ ሜዳ ላይ ታላቅና ታናሽ የለም» ይለኝ ነበር ኦቲስ። «ቅርብና ሩቅ ነው ያለው። ቅርብ ከሆንክ ጮኸህ ውሰዳት። ሩቅ ከሆንክ መሮጥህን ቀጥል፣ ተከላካዩን ይዘህልኝ ሂድ። መሃል ላይ የሚቆም ሰው ግን ሰው ያስገድላል።» እሺ ጋሼ እለዋለሁ። ሳምንት ሳይሞላ ያው ነኝ።

አምስት ዓመት አብረን ተጫወትን። በአምስተኛው ዓመት ለዋንጫ ለማለፍ አንድ ጨዋታ ቀረን፣ እሱም እዚሁ በሜዳችን። ቀኑን ሙሉ ዘንቧል። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በትንሽ ነጥብ ይመሩናል፣ ኳሱ የእኛ ነው። የተነገረን ቀላል ነበር። እኔ ከውስጥ በኩል ተነስቼ በቀጥታ ወደ ተጋጣሚዎቹ ጀርባ እሮጣለሁ፣ የኋላው ተከላካይ ይከተለኛል፤ ኦቲስ ከዳር ተነስቶ እኔ ወደተውኩት ባዶ ቦታ ይታጠፋል፣ ኳሱም ወደ እሱ ይወረወራል። ግን ኳሱ ረጥቦ ከወርዋሪው እጅ ሾለከና ከፍ ብሎ ወደ እኔ አደላ። ዞር ስል አየሁት፤ ሁለት እርምጃ ብሮጥ የእኔ ነው። በዚያው ዓይኔ ኦቲስ ክንዶቹን ዘርግቶ ሲመጣ አየሁት።

ቆምኩ። አልጮህኩም፣ አልያዝኩም፣ ሮጬም አላለፍኩም። ቪዲዮው ላይ ሲታይ እጄን ወደ ሆዴ ሰብስቤ፣ ትከሻዬን ዘንበል አድርጌ፣ በር ላይ ሽማግሌ የማሳልፍ ነው የምመስለው። እኔን ሲከተል የነበረው ተከላካይ መቆሜን ሲያይ ትቶኝ ወደ ኦቲስ ሄደ። ኦቲስ እጁ ወደ ላይ ነበር፣ ጎኑ ክፍት ነው፣ የሚመጣውን አላየም። ሲጋጩ የሰማሁትን ድምፅ ልገልጸው አልፈልግም። ኳሱ ተንከባሎ እግሬ ሥር መጣ።

የግራ ትከሻው ተሰባበረ። ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ ክንዱ ግን ከዚያ ወዲህ ከጆሮው በላይ አልወጣም። ኮርኒስ መቀባት የማይችል ቀለም ቀቢ ማን ይቀጥራል? ሶዶ በሚባለው የሲያትል ሰፈር አንድ የቀለም መጋዘን ውስጥ ከካውንተር ኋላ ቆሞ ለሌሎች ቀለም መሸጥ ጀመረ። ሆስፒታል በየቀኑ ሄጃለሁ። እንደኛ ደንብ እናቴም፣ አክስቶቼም፣ ጎረቤቱም ምግብ እየያዙ ሄደዋል፤ ነርሷ ይኼ ሁሉ ሰው ዘመዱ ነው ወይ ብላ ጠይቃለች። ኦቲስ ያመሰግናል፣ ይበላል፣ ስለ ኳሷ ግን አንዲት ቃል አይናገርም። እኔም ለአሰልጣኛችን በቃኝ፣ ሁለተኛ አልጫወትም አልኩት። እውነቴን ነው፣ ኳስ ሳይ ያስመልሰኝ ነበር።

እናቴ እንዳልተኛሁ ስታይ ሽማግሌ ላከች። ሦስት ሰው መሄድ ነበረበት፤ ሦስተኛው ሰውዬ ሥራ ተጠርተው ቀሩና ሐጂ ከማልና ጋሽ ወልዴ ሁለቱ ሆነው ሄዱ። ጥፋተኛው ራሱ አስተርጓሚ መሆን ስለማይችል እህቴ ሀያት እንድታስተረጉም ተደረገ። ኦቲስ በሩን ሲከፍት ሐጂ ነጭ ቆብ አድርገው፣ ጋሽ ወልዴ የሠርግ ሱፋቸውን ለብሰው፣ እኔ ከኋላቸው አንገቴን ደፍቼ ቆመናል።

«ናስ፣ የኢንሹራንስ ሰዎች ናቸው?» አለኝ።

ሀያት ሽማግሌዎች መሆናቸውንና ለምን እንደመጡ አስረዳችው። ሚስቱ ተቀመጡ አለች፤ አልተቀመጡም። ጁስ አመጣች፤ አልነኩም።

«መልስ ሳናገኝ አንቀምስም በያት» አሉ ጋሽ ወልዴ።

ሐጂ ከማል ጀመሩ። «አቶ ኦቲስ፣ ልጃችን አጥፍቶብዎታል። ሊያግዝዎት በሚገባው ቦታ ቆሞ ለጉዳት ዳርጎዎታል። ጥፋቱን ይዘን እግርዎ ሥር ወድቀን ይቅርታ ልንጠይቅ ነው የመጣነው።» ጋሽ ወልዴ በዓይናቸው ጠቀሱኝ። ጎንበስ ብዬ ጉልበቱን ልስም ስል ኦቲስ ደንግጦ በደህና እጁ ኮሌታዬን ይዞ አነሳኝ።

«ንገሪያቸው፤ ይኼ ፉትቦል ነው። ሰው ይጎዳል። ማንም አላጠፋም።»

ሀያት ነገረቻቸው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«እሱ ለሽምግልና መልስ አይሆንም» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ወይ ይቅር ብያለሁ ይበሉ፣ ወይ ይህን ያድርግልኝ ይበሉ። የሚሉንን ይዘን እንሄዳለን።»

ኦቲስ ያን ጊዜ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ገባው። ሶፋው ላይ ተቀመጠና የታሰረ ክንዱን እያስተካከለ ብዙ አሰበ። ከዚያ ሽማግሌዎቹን ሳይሆን እኔን እያየ ተናገረ።

«በትከሻዬ አልተቀየምኩም። የከፋኝ ያቺን ኳስ አለመፈለጉ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ እንዲፈልጋት ነበር የማስተምረው። አሁን ደግሞ ላቆም ነው አለ ይሉኛል። ኦኬ፣ ጠይቅ ካላችሁኝ እጠይቃለሁ። አያቆምም። እኔ ይበቃል እስክለው ይጫወታል። እጁ የሚደርስባትን ኳስ ደግሞ ለማንም አይለቅም።»

ሀያት አንድ በአንድ ተረጎመች። ሽማግሌዎቹ ጥግ ሄደው ተንሾካሸኩ፤ ተመልሰው መጡና ጥያቄው ተገቢ ነው አሉ። በፊታቸው ቃል ገባሁ። ሐጂ ዱዓ አደረጉ፣ ጋሽ ወልዴም መረቁ፣ ኦቲስና ሚስቱ ለሁለቱም አሜን አሉ። ከዚያ ነው ጁሱ የተጠጣው።

እንግዲህ አራት ዓመት የተጫወትኩት በዚያ ቃል ነው። ያለቅኩትም በዚያ አራት ዓመት ነው። እጄ የሚደርስባትን ኳስ ሁሉ ሄድኩባት፤ የደረሰችውንም ያልደረሰችውንም። የገዛ ጓደኛዬን ገጭቼ ጥዬ ይዣለሁ። የቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች ተሰብረው ተጣመው ገጠሙ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምትቆልፍልኝ ባለቤቴ ሰሚራ ናት። ጠዋት ቫኑ ውስጥ ስገባና ስወርድ እየቃተትኩ ነው። ዲያሊሲስ የማመላልሳቸው አንዲት አሮጊት እኔ ልደግፋቸው እጄን ስዘረጋ «ቀስ፣ ቀስ በል የእኔ ልጅ» ብለው እሳቸው ይደግፉኛል። ታማሚዋ እሳቸው ናቸው።

ኦቲስ አንድ የሜዳችን ጨዋታ አላመለጠውም። ዝናብ ይዝነብ ብርድ ይሁን፣ የጃኬቱን ቆብ አጥልቆ፣ ክንዱን ኪሱ ከትቶ ያው ቦታው ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ሲያልቅ ይመጣና የግራ እግሬን ነገር ይነግረኛል። ይበቃል ግን አይልም። እኔም አልጠይቅም።

ሰሚራ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ስትጨቀጭቀኝ ነበር። «ሰውዬው እኮ ረስቶታል» ትላለች። «በሽማግሌ ፊት የተገባ ቃል ነው፣ እንዲህ በዋዛ አይፈርስም» እላታለሁ። «እንግዲያው በሽማግሌ አስፈታው» ትለኛለች። ጨዋታው ሲያልቅ፣ ልጁ ሲወለድ፣ የዘንድሮው ሲዝን ይለፍ እያልኩ አራት ዓመት አሳለፍኩ። ዘንድሮ የመጨረሻው ጨዋታ ላይ ወድቄ ለመነሳት ሰው እስኪያነሳኝ ጠበቅሁ። ቤት ስገባ ሰሚራ አየችኝና ስልኳን አንስታ ሐጂ ከማል ጋ ኮል አደረገች።

በሚቀጥለው እሁድ ሄድን። ሐጂ አሁን ዎከር የሚሉትን ብረት ተደግፈው ነው የሚሄዱት፤ ከመኪና አውርጄ ደረጃውን ስናወጣቸው እኔና ጋሽ ወልዴ ግራና ቀኝ ይዘናቸው ማን ማንን እንደደገፈ እንጃ። ኦቲስ በሩን ሲከፍት ያው ሱፍና ያው ነጭ ቆብ ሲያይ ሳቀ። «ደግሞ ምን አጠፋ?» አለ። ሀያት ያን ቀን ሥራ ነበረች። ስለዚህ ጉዳዬን ለራሴ ማስተርጎም የእኔ ዕዳ ሆነ።

አልተቀመጡም። ጁሱም አልተነካም። ጋሽ ወልዴ ተናገሩ።

«አቶ ኦቲስ፣ የዛሬ አራት ዓመት እርስዎ ይበቃል እስከሚሉት ሊጫወት ቃል ገብቶልዎት ነበር። ቃሉን ጠብቋል። አሁን ጉልበቱ አልቋል፣ ልጆችም አሉት። እንዲፈቱት ልንለምን መጣን።»

እየተረጎምኩ ነው። ጉልበቱ አልቋል የሚለው ላይ ስደርስ ኦቲስ እጁን አነሳ።

«ይበቃዋል» አለ። እንዲሁ፣ ምንም ሳያስብ። «ኧረ ድሮ በቅቶታል። እኔ እኮ ያን ያልኩት ከዚያች ቀን እንዲያልፍ፣ አንድ ሲዝን ተጫውቶ እንዲወጣለት ብዬ ነው። አንድ ሲዝን። ከዚያ በየዓመቱ ስትመለስ ሳይህ ወደህ ነው አልኩ። አንተ እያነከስክ ስትጫወት እኔ እንዴት ቤቴ እቀመጣለሁ ብዬ በዚያ ዝናብ፣ በዚህ ትከሻ፣ አራት ዓመት ብረት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ብርዱ ሲገባበት እንዴት እንደሚያመኝ ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። ሚስቱ ከኩሽና ሆና «ስንት ጊዜ ተው ብዬዋለሁ» አለች።

እፎይ ማለት ነበረብኝ። አራት ዓመት የጠበቅኳት ቃል ናት። ግን እንዲያ በፍጥነት ስትወጣ ከፋኝ። ትንሽ እንኳ አላቅማማም። ከእንግዲህ ጨዋታ ሲያልቅ መጥቶ የግራ እግሬን ጥፋት የሚነግረኝ ማን ነው? አንድ ዓመት ጨምር ቢለኝ ብዬ ስመኝ ራሴን ያዝኩት፤ ጣቴ ተጣሞ፣ ጉልበቴ አልቆ። እንባዬ መጣ፣ አፈርኩ።

«ምን አለ?» አሉ ሐጂ ከማል። «እንቢ አለ እንዴ?»

«ይበቃዋል አለ።»

«አልሐምዱሊላህ። ታዲያ ምን ያስለቅስሃል?»

ኦቲስ ጎንበስ ብሎ ፊቴን አየኝ። «ናስ፣ ቀደም ብለህ ለምን አልጠየቅከኝም? መጀመሪያው ዓመት ላይ እኮ እሺ እልህ ነበር።»

በምን ቋንቋ እንደመለስኩለት እንኳ አላወቅሁም። በአማርኛ ነበር።

«እሺ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው፣ ጋሼ።»

 ጋሽ ወልዴ የሱፋቸውን ጫፍ ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ኦቲስ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን እያየ ይጠብቃል።

«በል እንጂ» አሉኝ ሐጂ። «ለእኛ ሳይሆን ለእሱ ነው የሚነገረው። ንገረው።»

ነገርኩት።